የሚክሰሩ የሄድፎን ክፍል፦ ኪው ከስሩ እንዴት ነው የሚሰራው

ዲጄ መሆን የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኢፌክት ነው፣ ስለ ሉፕ ነው፣ ስለ ክሮስፌደር ነው። ስለ ሄድፎኑ የሚጠይቅ ብዙም አላጋጠመኝም። ይሰካዋል፣ ጆሮው ላይ ያደርገዋል፣ የሆነ ድምጽ ከተሰማው በቃ ይሰራል ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሚክሰር ላይ፣ ማለትም ዲጄው ዘፈኖቹን በሚቀላቅልበት ሳጥን ላይ፣ መጀመሪያ ምን ልማር ለሚለኝ ሰው ሁሌም የምለው እነዛን ጥግ ላይ ያሉ የሄድፎን ቁልፎች ተማር ነው፣ ምክንያቱም ሰው ከመስማቱ በፊት እናንተ የምትሰሙት ነገር ካልተስተካከለ ሰው ጋር ሲደርስ ሊስተካከል አይችልም።

ስለዚህ እዚህ ስለዚች ክፍል ብቻ ነው የማወራው፣ ዋናዋም ኪው ናት፣ ሰው ሳይሰማ ቀጣዩን ትራክ በሄድፎን ቀድሞ መስማት ማለት ነው። የሚክሰሩ መልክ እንደየሞዴሉ ይለያያል፣ የአንዱ ግራ ጎን ነው የሌላው ቀኝ፣ አንዱ ላይ ኪው ተብሎ ይጻፋል ሌላው ላይ ፒኤፍኤል፣ የሄድፎን መሰኪያውም አንዳንዱ ላይ ከላይ ነው አንዳንዱ ላይ ከፊት ለፊቱ። አሰራሩ ግን አንድ ነው፣ እሱን አንዴ ከያዛችሁት አይታችሁት የማታውቁት ሚክሰር ፊት ብትቆሙም አትደናገጡም።

ሁለቱ መንገዶች

ሚክሰር ውስጥ ድምጽ የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው ብላችሁ አስቡ። አንዱ ወደ ስፒከር ይሄዳል፣ ማስተር የምንለው እሱ ነው፣ ሰው የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። ሌላው ወደ ሄድፎን ይሄዳል፣ እሱን ደግሞ ከናንተ ሌላ የሚሰማው የለም።

እንደ ውሃ መስመር ነው። ፌደሩ፣ የአንድን ቻናል (የአንድን ማጫወቻ መስመር) ድምጽ ወደ ውጪ የሚከፍተውና የሚዘጋው ተንሸራታች፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቧንቧ ነው፣ ስትዘጉት ውሃ አይወጣም፣ ግን መስመሩ ውስጥ ውሃ የለም ማለት አይደለም፣ እዛው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ኪው ከዛ ቧንቧ ቀደም ብሎ መስመሩ ላይ የተቀጠለ ሌላ ትንሽ ቧንቧ ነው፣ ዋናው ቢዘጋም ከሱ መቅዳት ትችላላችሁ። ፒኤፍኤል የሚለው አጻጻፍም የመጣው ከዚህ ነው፣ ፕሪ ፌደር ሊስን ማለት ነው፣ ከፌደሩ በፊት ያለውን መስማት።

አብዛኛው የዲጄ ሚክሰር ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ድምጹ ከማጫወቻው ይገባል፣ ትሪም ወይም ጌይን የሚባለው የሚገባውን ድምጽ መጠን የሚያስተካክለው ማዞሪያ ጋር ይደርሳል፣ ከዛ ቀጭኑን፣ መሃለኛውንና ወፍራሙን (ቤዙን) ድምጽ ለየብቻ የሚጨምሩትና የሚቀንሱት ሃይ ሚድ ሎው የሚሉት የኢኪው ማዞሪያዎች ጋር፣ ከዛ ኪው እዚህጋ ይቀዳል፣ ከዛ በኋላ ነው የቻናሉ ፌደር፣ ከዛ ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው የሚያሻግረው ክሮስፌደሩ፣ ከዛ ማስተሩ። ይሄን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉትና ሚክሰሩ አጠገብ ለጥፉት፣ የምሬን ነው፣ ከዚህ በኋላ የምለው ነገር በሙሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው።

ለምሳሌ ፌደሩን ብታወጡት ብታወርዱት ኪው ላይ ያለው ድምጽ አይነቃነቅም፣ ምክንያቱም የተቀዳው ከፌደሩ በፊት ነው። ኢኪውን ብትነኩ ግን ጆሯችሁ ውስጥ ይለወጣል። ብዙ ጀማሪ ሎው የሚለውን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ይተወውና የሚቀጥለውን ትራክ ኪው ሲያደርግ ቤዙ የት ሄደ ብሎ ሄድፎኑን ይጠራጠራል፣ ሄድፎኑ ግን ምንም አላጠፋም፣ ቤዙን የቆረጠው ራሱ ነው። ይሄው ባህሪ ደግሞ በጣም ይጠቅማል፣ ሰው ምንም ሳይሰማ አዲሱ ትራክ ያለ ቤዝ ሲገባ ምን እንደሚመስል ቀድማችሁ መስማት ትችላላችሁ። ኢፌክት ላይ ግን እንደየሚክሰሩ ይለያያል፣ አንዳንዱ ከኪው በፊት ነው አንዳንዱ በኋላ፣ ለኢፌክት ብቻ የራሱ ኪው ቁልፍ ያለውም አለ። ስለዚህ አዲስ ሚክሰር ላይ ስትቆሙ ፌደሩን ዘግታችሁ ኢኮ የሚባለውን ኢፌክት ክፈቱት፣ ሄድፎን ውስጥ ከተሰማ አወቃችሁ፣ አስር ሰከንድ አይፈጅም።

ነገሩ ከየት እንደመጣም ትንሽ ልበል፣ ስለምወደው ነው። በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የሂፕሆፕ ዲጄው ግራንድማስተር ፍላሽ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ ይዞ ሲጫወት የሁለተኛውን ሸክላ ትክክለኛ ቦታ ሰው ሳይሰማበት ማግኘት ቸገረው። ልጁ የሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ተምሯል፣ እና ከሁለቱ የፈለገውን በሄድፎን ብቻ የሚያሰማው ስዊች ራሱ ሰራ፣ ስሙንም ፒካቡ ሲስተም አለው። ዛሬ እያንዳንዱ ቻናል ላይ የምናያት የምትበራ ቁልፍ የምትሰራው ስራ ያው የሱ ስዊች የሰራውን ነው።

ስም እንዳያምታታችሁ

ኪው የሚባሉ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ አንዱ ማጫወቻው ላይ ነው፣ አንዱ ሚክሰሩ ላይ። የማጫወቻው ኪው ትራኩ ላይ ምልክት የምታደርጉበትና ወደዛ ምልክት የሚመልሳችሁ ነው፣ ተጭናችሁ ስትይዙት ከዛ ቦታ ይጫወታል፣ ስትለቁት ይመለሳል። የሚክሰሩ ኪው ግን ትራኩን አያጫውትም አያቆምም፣ የዚህን ቻናል ድምጽ ወደ ጆሮዬ ላክ ማለት ብቻ ነው። ከላፕቶፕ ጋር የሚሰራው ኮንትሮለር ላይ ማጫወቻውም ሚክሰሩም አንድ ሳጥን ላይ ስላሉ መቀላቀላቸው አይገርምም፣ በተለይ የማጫወቻውን ኪው ተሳስታችሁ ሰው እየሰማው ያለው ትራክ ላይ ከተጫናችሁ ሙዚቃው እዛው ይቆማል። ስለዚህ እጃችሁ መለየት አለበት። የሚክሰሩ ከፌደሩ አካባቢ ነው፣ የማጫወቻው ከፕሌይ ቁልፉ አጠገብ ነው፣ አይናችሁን ጨፍናችሁ አስር ጊዜ ዳስሷቸው።

ኢኪው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ አጠራሩ ተቀራረበ እንጂ።

የቻናሉ ቁልፍ

እያንዳንዱ ቻናል ላይ አንድ ኪው ቁልፍ አለ። ስትጫኑት ይበራል፣ ስትደግሙት ይጠፋል። ብዙ ሚክሰር ላይ ሁለትና ሶስቱን አንድላይ ማብራት ይቻላል፣ የበሩት በሙሉ ተደባልቀው ጆሯችሁ ይገባሉ። አንዳንዱ ሚክሰር ላይ ግን አንዱን ስትጫኑ ሌላው ራሱ ይጠፋል። የቱ እንደሆነ ተጭናችሁ መብራቱን ማየት ነው።

ግርግሩ የሚመጣው እዚህጋ ነው። አንደኛውን ቻናል ኪው አድርጋችሁ አስገባችሁት፣ ደስ አላችሁ፣ ሁለተኛውን ልታዘጋጁ ኪው ተጫናችሁ፣ የመጀመሪያውን ግን አላጠፋችሁትም። ጆሯችሁ ውስጥ ሁለት ዘፈን እኩል ይጮሃል፣ የቱ የየትኛው እንደሆነ አይለይም፣ ከዛ የሄድፎኑን ድምጽ ትጨምራላችሁ፣ ይባስ ትደነቁራላችሁ። እኔ ይሄን የተላቀቅኩት አንድ ልማድ ስላበጀሁ ነው፣ አዲሱ ትራክ ሙሉ በሙሉ ገብቶ አሮጌው ፌደር ታች እንደደረሰ ያው እጄ ሳይነሳ የገባውን ትራክ ኪው ያጠፋል። ፌደር መዝጋትና ኪው ማጥፋት አንድ እንቅስቃሴ ሆነዋል ማለት ነው።

ማስተር ኪው የሚል ቁልፍም አለ፣ ሁሉም ላይ ባይሆንም። እሱ ሰው የሚሰማውን ድምጽ ወደ ሄድፎን ይልካል። ዋና ጥቅሙ ስፒከሩ ሩቅ ሲሆን ወይም ቡዝ ሞኒተር፣ ማለትም ዲጄው አጠገብ የሚቀመጠው ስፒከር፣ ሲጠፋ ነው፣ ውጪ ምን እየሄደ እንደሆነ በጆሯችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ኪው እና ማስተር የሚል ማዞሪያ

አሁን ወደምወደው መጣን። ሄድፎን ክፍል ውስጥ ሁለት ማዞሪያ ታገኛላችሁ። አንዱ ሌቭል ነው፣ ድምጹን ይጨምራል ይቀንሳል፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሌላው ላይ በአንድ በኩል ኪው በሌላ በኩል ማስተር ተብሎ ተጽፏል፣ ሚክስ ወይም ሚክሲንግ ወይም ብሌንድ ይባላል። ይሄኛው ድምጽ አይጨምርም፣ የሚቀላቅል ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ኪው ካዞራችሁት ኪው ያደረጋችሁትን ቻናል ብቻ ትሰማላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ማስተር ካዞራችሁት ሰው የሚሰማውን ብቻ፣ መሃል ላይ ካደረጋችሁት ሁለቱንም እኩል።

ጀማሪ ይሄን ማዞሪያ ወደ ኪው ጥግ አድርጎ ይረሳዋል። ከዛ አንድ ጆሮ ከፍቶ ስፒከሩን፣ በአንድ ጆሮ ሄድፎኑን እየሰማ ያገጣጥማል። ይሰራል፣ ብዙ ትልልቅ ዲጄዎችም እንደዛ ነው የሚጫወቱት። ግን ቤት ውስጥ በጸጥታ ሲለማመዱ ወይም ስፒከሩ ሩቅ ሲሆን ማዞሪያዋን የማያውቅ ሰው ይቸገራል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሙሉ ኪው ላይ አድርጌ አዲሱን ትራክ ለብቻው እሰማለሁ፣ ኪኩ (ዱም የሚለው የትልቁ ከበሮ ምት) የት ነው፣ ድምጻዊው የት ይጀምራል፣ መግቢያው ስንት ቢት ነው። ከዛ ማዞሪያዋን ቀስ አድርጌ ወደ መሃል እመልሳታለሁ፣ የሚጫወተው ትራክ ከስር ብቅ ይላል። አሁን ሁለቱ ጆሮዬ ውስጥ አብረው ናቸው፣ ውጪ ግን አንዱ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ ቢት ከተገጣጠሙ ኪኩ አንድ ጠንካራ ዱም ይሆናል። ትንሽ ከተዛነፉ ዱ-ዱም ዱ-ዱም ይላል፣ እንደሚጋልብ ፈረስ ኮቴ። አዲሱን ትራክ በጣት ጫፍ ትንሽ ገፋ አደርገዋለሁ፣ ክፍተቱ ከጠበበ መንገዱ ትክክል ነው፣ ከሰፋ ወደኋላ እስበዋለሁ። አንድ ዱም ሲሆን እጄን አነሳና እጠብቃለሁ፣ እዚህጋ መቸኮል አያስፈልግም፣ ከአስር ከአስራ አምስት ሰከንድ በኋላ መልሶ ዱ-ዱም ማለት ከጀመረ ፍጥነቱ ነው ያልተስተካከለው፣ ፒቹን፣ የትራኩን ፍጥነት የሚለውጠውን ተንሸራታች፣ ጥቂት ማስተካከል ነው። በ128 ቢፒኤም (በደቂቃ 128 ቢት) 32 ቢት ልክ 15 ሰከንድ ስለሆነ 32 ቢት ቆጥሬ ካልተዛነፈ ለመግባት ዝግጁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሲንክ ስላለ ይሄ ሁሉ ለምን የሚል አይጠፋም። ሲንክ ቢቱን ይገጥምላችኋል፣ ልክ ነው፣ ግን ሁለቱ ዘፈኖች በቅኝት ይጣላሉ አይጣሉም፣ የአንዱ ድምጻዊ በሌላው ላይ ይወጣል አይወጣም፣ የትኛው ይጮሃል፣ እሱን የሚነግራችሁ መሃል ላይ ያለችው ማዞሪያ ናት። ሁለት ዘፈን ሰው ፊት ሳይጋጭ ጆሯችሁ ውስጥ ተጋጭቶ ቢቀር አይሻልም?

አንድ ነገር ግን ካላስተካከላችሁ ይቺ ማዞሪያ ትዋሻችኋለች፣ እሱም ትሪም ነው። አዲሱ ትራክ በጣም ዝቅ ብሎ የተቀዳ ከሆነ መሃል ላይ ብታደርጓትም አሮጌው ይውጠዋል፣ እናንተም ወደ ኪው ትገፏታላችሁ፣ ከዛ የተስተካከለ ይመስላችኋል፣ ፌደሩን ስታወጡት ግን ሰው ጋር ድምጹ ወርዶ ይቀራል። ስለዚህ ኪው ከተጫናችሁ በኋላ መጀመሪያ የቻናሉን ሜትር፣ የድምጹን ከፍታ የሚያሳዩትን መብራቶች፣ እዩ፣ የትራኩ ጠንካራ ቦታ ላይ አድርጋችሁ፣ ከሚጫወተው ቻናል ሜትር ጋር ተቀራራቢ እስኪሆን ትሪሙን አስተካክሉ፣ ቀይ ውስጥ አታስገቡት። ይሄን ከፌደሩ በፊት ማድረግ የሚቻለው ሜትሩም እንደ ኪው ከፌደሩ በፊት ያለውን ስለሚያሳይ ነው፣ ቢያንስ በየቻናሉ ሜትር ያላቸው ሚክሰሮች ላይ።

ሌላው ሰው ብዙ የማያስተውለው ነገር፣ ፌደሩን እያወጣችሁ ስትሄዱ አዲሱ ትራክ ጆሯችሁ ጋር በሁለት በኩል መምጣት ይጀምራል፣ አንዴ በኪው አንዴ ደግሞ በማስተር ውስጥ ሆኖ። ስለዚህ መሃል ላይ ካላችሁ አዲሱ ትራክ ከእውነተኛው በላይ ጮሆ ይሰማችኋል። እሱን አምናችሁ ፌደሩን ወደኋላ ከመለሳችሁ ውጪ ያለው ሰው የሚሰማው ሚክስ ይሳሳል። ፌደሩ ግማሽ ሲደርስ ማዞሪያዋን ወደ ማስተር ውሰዷት ወይም ኪውን አጥፉት፣ ከዛ በኋላ ያለውን ሰው እንደሚሰማው ስሙት።

ስፕሊት

አንዳንድ ሚክሰር ላይ ስፕሊት ኪው ወይም ሞኖ ስፕሊት የሚል ትንሽ ስዊች አለ። እሱ ሲበራ ሄድፎኑ ለሁለት ይከፈላል፣ አብዛኛው ላይ ኪው በግራ ጆሮ ማስተር በቀኝ ጆሮ ይገባል፣ ሁለቱም ሞኖ ሆነው። ሲጠፋ ሁለቱም በሁለቱም ጆሮ በስቴሪዮ።

አንድ ጊዜ የማላውቀው ሚክሰር ላይ ልጫወት ወጣሁ። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ጨርሶ ወርዷል፣ የመጨረሻው ትራኩ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀረዋል። ኪው ተጫንኩ፣ ድምጹ በግራ ብቻ መጣ። ቀኙ ውስጥ ሌላ ነገር አለ ግን የስፒከሩ ጩኸት ስለዋጠው አልለየሁትም። ሄድፎኑ ተበላሽቷል ብዬ ጃኩን ነቅዬ ሰካሁ፣ አሽከረከርኩት፣ ከልጁ ሄድፎን ተዋስኩ፣ ያው ነው። ትራኩ ወደ መጨረሻው እየሄደ ከበሮው ብቻ ቀርቷል፣ እጄ ላብ በላብ ሆኗል። በመጨረሻ ሳልሰማ በአይን ብቻ አስገባሁት፣ ሁለት ቢት ያህል ተዛንፎ ገባ። ስፕሊት ስዊቹን ያየሁት ከዛ በኋላ ነው፣ በርቶ ነበር የቆየው። ከዛን ቀን ወዲህ ሄድፎን ከመሰካቴ በፊት አይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ስዊች ነው።

ስፕሊት ግን ራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፣ እንዲያውም ስፒከር ሩቅ የሆነበት ቦታ ያድናችኋል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ድምጽ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ በየሜትሩ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይዘገያል ማለት ነው። ስፒከሩ 10 ሜትር ከራቃችሁ ወደ 29 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ። ሄድፎን ውስጥ ያለው ግን አይዘገይም። እናንተ ሁለቱን አስማምታችሁ ስትጨርሱ አዲሱን ትራክ የገጠማችሁት ከዘገየው ድምጽ ጋር ነው፣ ስለዚህ ፌደሩን ስታወጡት ሁለቱም ከአንድ ስፒከር ሲወጡ አዲሱ 29 ሚሊሰከንድ ወደኋላ ቀርቶ ይገኛል። በ128 ቢፒኤም አንድ ቢት 469 ሚሊሰከንድ ስለሆነ 29ኙ ትንሽ ይመስላል ግን በደንብ ይሰማል፣ ያቺው ዱ-ዱም ናት። ቡዝ ሞኒተር አጠገባችሁ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ቡዝ ሞኒተር ከሌለ ሁለቱንም በሄድፎን ስሙ፣ በስፕሊት ወይም በማዞሪያዋ መሃል፣ ያኔ ሁለቱም እኩል ይደርሷችኋል።

ስፕሊት ሌላም ጥቅም አለው፣ የትኛው እንደቀደመ ይነግራችኋል። ኪኩ በግራ ጆሮ ቀድሞ ከመታ አዲሱ ትራክ ፈጥኗል፣ ያዝ አድርጉት፣ በቀኝ ከቀደመ አዲሱ ቀርቷል፣ ገፋ አድርጉት። ሁለቱ ሲገጥሙ ኪኩ ከግራም ከቀኝም መሆኑ ቀርቶ ጭንቅላታችሁ መሃል ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ ይሄ ስሜት አንዴ ከገባችሁ አይረሳም። ለጀማሪ ከስፕሊት ጀምሮ ወደ ማዞሪያዋ መሄድ ይቀላል ባይ ነኝ።

ሌቭል እና ጆሯችሁ

የሄድፎን ሌቭል ከመሰካታችሁ በፊት ዜሮ ላይ ይሁን፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከናንተ በፊት የነበረው ሰው የት ላይ ትቶት እንደሄደ አታውቁትም። በቦታው ጩኸት ላይ የሄድፎን ጩኸት መጨመር ቀላል ነው፣ መመለስ ግን ማንም አይመልሰውም፣ ጆሮ ይለምደውና እንደገና ጨምሩ ይላችኋል። ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የስራ ደህንነት ተቋም 85 ዴሲቤል ላይ ቢበዛ 8 ሰዓት ይላል፣ ከዛ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። ዲጄ ደግሞ ከዚህ በላይ ቆሞ ነው የሚያድረው። ሚክስ በማታደርጉበት ሰዓት ቡዝ ሞኒተሩን ቀንሱት፣ ኪው ስታደርጉም ቡዙን ትንሽ ብትቀንሱ ሄድፎኑን መጨመር አያስፈልጋችሁም። ዙሪያውን በደንብ የሚዘጋ ሄድፎን መያዝም ግማሹን ስራ ይሰራል፣ ክፍት የሆነው የስቱዲዮ ሄድፎን እዚህ አይሆንም።

ድምጹ ሙሉ ላይ ሆኖም ቀጭን ከሆነ የሄድፎኑን ኦም እዩ፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር በደንብ ለመጮህ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ከ1988 ጀምሮ ያለውና ዲጄዎች የለመዱት የሴንሃይዘር ኤችዲ 25 70 ኦም ነው። 250 ኦም የሆነ የስቱዲዮ ሄድፎን ትንሽ ኮንትሮለር ላይ ብትሰኩ ጉልበት ያጥረዋል፣ ተበላሽቶ አይደለም። ብሉቱዝ ደግሞ ለኪው በጭራሽ፣ 100 እና 200 ሚሊሰከንድ መዘግየት የተለመደ ነው፣ በ128 ቢፒኤም ከአንድ ቢት ሩብ እስከ ግማሽ ሊጠጋ ማለት ነው፣ በዛ ላይ ቢት መግጠም አይታሰብም።

ላፕቶፕና ኮንትሮለር

ሴራቶም ይሁን ሬኮርድቦክስ ይሁን ትራክተር ሶፍትዌሩ ኪው እንዲያደርግ አራት መውጫ ያስፈልገዋል፣ 1 እና 2 ለማስተር 3 እና 4 ለሄድፎን። ኮንትሮለር ውስጥ ያለው ሳውንድ ካርድ ይሄን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ ኦዲዮው ወደ ኮንትሮለሩ እንዲሄድ መመረጥ አለበት፣ ብዙ ሰው ሄድፎኔ አይሰራም የሚለው ሶፍትዌሩ ድምጹን ወደ ላፕቶፑ ስፒከር እየላከ ነው። የላፕቶፑ የራሱ የሄድፎን ቀዳዳ ደግሞ ግራና ቀኝ ብቻ ነው ያለው፣ እዛ ላይ ኪው ማድረግ የሚቻለው ለዲጄ በተሰራ የስፕሊተር ኬብል ነው፣ አንዱን ጎን ማስተር አንዱን ኪው አድርጎ፣ ሁለቱም ሞኖ ይሆናሉ። ተራው ለሁለት ሰው ማዳመጫ የሚሆነው ስፕሊተር ያንን አያደርግም፣ ያንኑ ድምጽ ለሁለት ያባዛል እንጂ።

ሄድፎን ውስጥ ምንም ሳይሰማ ሲቀር

አትደናገጡ፣ ያንን ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን መስመር ከመጀመሪያው ተከተሉት። ትራኩ እየተጫወተ ነው? የቻናሉ ሜትር ይነቃነቃል? ካልተነቃነቀ ችግሩ ሄድፎኑ ጋር አይደለም፣ ወይ ኢንፑት መምረጫው ሌላ ላይ ነው፣ ፎኖ (የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ) መሆን ሲገባው ላይን (የሌሎቹ ማጫወቻዎች መግቢያ)፣ ወይ ትሪሙ ተዘግቷል፣ ወይ ኬብሉ ነው። ሜትሩ እየሄደ ካልተሰማ ደግሞ ኪው ቁልፉ በርቷል ወይ፣ ማዞሪያዋ ማስተር ጥግ ላይ ናት ወይ፣ ሌቭሉ ዜሮ ነው ወይ። ይሄ ሁሉ ልክ ሆኖ በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ ስፕሊቱን፣ ከዛ ጃኩን እዩ፣ ከትንሹ 3.5 ወደ ትልቁ 6.35 ሚሊሜትር የሚቀይረው አዳፕተር በደንብ ካልገባ አንዱ ጎን ይጠፋል። እኔ ሁለት አዳፕተር ሁሌም ቦርሳዬ ውስጥ አለኝ፣ በጣም የሚጠፋ እቃ ነው።

ተቃራኒው ደግሞ አለ፣ ለራሳችሁ ብቻ ልትሰሙ የፈለጋችሁት ውጪ ሲሰማ። እሱ ኪው አይደለም ጥፋተኛው፣ ፌደሩ ትንሽ ክፍት ሆኖ ነው ወይም ክሮስፌደሩ ያላሰባችሁት በኩል ተቀምጦ ነው። ኪው ምንም ነገር ወደ ውጪ አይልክም፣ ወደ ጆሮ ብቻ ነው።

ሁለት ሆናችሁ ስትጫወቱ

ከጓደኛ ጋር ትራክ በትራክ እየተቀባበላችሁ ስትጫወቱ አንድ የኪው ክፍል ለሁለት ሰው ይጠባል፣ አንዱ አብርቶ ሌላው ያጠፋበታል። ለዚህ ብለው ነው አንዳንድ ሚክሰሮች ሁለት ራሱን የቻለ የሄድፎን ክፍል ይዘው የመጡት፣ የፓዮኒር ዲጄ ሚክሰሮች የ2020ው ዲጄኤም ቪ10 እና የ2023ቱ ዲጄኤም ኤ9 እንደዛ ናቸው፣ እያንዳንዱ ቻናል ላይ ሁለት ኪው ቁልፍ አለ፣ የየራሳችሁን ትይዛላችሁ። እንደዛ አይነት ከሌለ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሰው እየሰማው ያለውን ትራክ ያስገባው ልጅ ኪው ቁልፎቹን አይነካም፣ የሚቀጥለውን የሚያዘጋጀው ብቻ ይነካል።

ጨርሳችሁ ስትወርዱ ደግሞ ኪውዎቹን በሙሉ አጥፉ፣ ስፕሊቱን አጥፉ፣ ማዞሪያዋን ወደ ኪው መልሷት፣ ሌቭሉን ዜሮ አድርጉት፣ ከዛ ጃካችሁን ንቀሉ። አራት ሰከንድ ነው፣ ከናንተ ቀጥሎ የሚቆመው ልጅ እኔ ያን ቀን እንዳላበኝ አያልበውም።